ሁለት ዓይን፦ አንድ ደቂቃ አኒሜሽን ባህር ዳር ላይ እንዴት ተሰራ

መሪጌታ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብለው ትንሽ ዝም ብለው አዩና "ይሄ ሰውዬ ምን አጠፋ?" አሉን። ምንም አላጠፋም፣ ታንኳ ቀዛፊ ነው፣ እንግዶቹን ወደ ዘጌ እየመራ ነው አልናቸው። "ታዲያ ለምን አንድ ዓይኑን ነሳችሁት?"

ያን ቀን እኔና አኒሜሽኑን የሚሰራው ልጅ ስራውን ከጀመርን ሦስት ሳምንት አልፎናል። ቀለሙ ተመርጧል፣ ሰውየው ተስሏል፣ መቅዘፉን ይቀዝፋል፣ እኛ መሪጌታን የጠራናቸው አይተው "ጥሩ ነው" እንዲሉን ነበር። እዚህ የምጽፈው ከዛ ጥያቄ በኋላ ምን እንደሆነ ነው፣ ምክንያቱም ዲጂታል ስራ የምንሰራ ሰዎች የድሮ እጅ ስራ የሚያውቅ ሰው ጋር ስንሰራ ሁሌ እዚሁ ቦታ ላይ ነው የምንሰናከለው ብዬ አስባለሁ፣ ሰውየውን መጨረሻ ላይ ነው የምንጠራው።

ስራው እንዲ ነው። 2015 ጥቅምት ላይ ጣና ዳር ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎች እንግዳ ጀልባ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ትልቅ ቲቪ ሊሰቅሉ አስበው፣ እሱ ላይ ቀኑን ሙሉ እየተደጋገመ የሚዞር የ60 ሰከንድ አኒሜሽን ፈለጉ። ድምፅ የለውም፣ የሞተር ጩኸት ባለበት ቦታ ድምፅ ዋጋ የለውም። ማሳየት ያለበት፦ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት አካባቢ እንደሚወስድ፣ ከዛ በቡና ጫካው ውስጥ በእግር እንደሚኬድ፣ ቤተክርስቲያን ሲገባ ጫማ እንደሚወለቅ፣ ሥዕሉ ላይ ፍላሽ እንደማይበራ፣ ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባበት። ማድረሻው ጥምቀት ነው፣ ጥር 11፣ ከተማው በእንግዳ የሚሞላበት። እነሱ ያሉን "በቤተክርስቲያን ሥዕል ስታይል ይሁን" ነው፣ እኛም "ስታይል" የምትለዋን ቃል ሳንጠይቅ ተቀበልን።

እኔ ግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ። ልጁ 23 ዓመቱ ነው፣ ብሌንደርን (አኒሜሽን የሚሰራበት ሶፍትዌር ነው) ከዩቲዩብ ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ እጁ ፈጣን ነው። መሪጌታ ስልሳን ያለፉ ናቸው፣ ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ሥዕልን ደግሞ ከአጎታቸው የተማሩና በገጠር ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሳሉ። ታንኳ ሰሪው አራተኛ ሆነው የገቡት ኋላ ነው፣ ወደሳቸው እመጣለሁ።

መጀመሪያ ለማጣቀሻ ፎቶ ዘጌ ሄድን፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። በትውፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ በትረ ማርያም የመሠረቷት ናት፣ ቤተክርስቲያኗ ክብ ሆና መሃሏ ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ፣ ሥዕሉም አብዛኛው ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። አስፈቅደን ያለ ፍላሽ አነሳን። ብርሃኑ ከበሩ ስለሚገባ ፎቶው ሁሉ ቢጫ ይሆናል፣ ስለዚ በየግድግዳው የመጀመሪያ ፎቶ ላይ የነጠላዬን ጫፍ ጥግ ላይ አስገባሁ፣ ቤት ስመለስ ነጩን ከሱ ላይ አስተካክዬ ቀለሙን አገኘሁት (ይቺን ዘዴ ለማንም እመክራለሁ፣ ነጭ ነገር አብሮ ይነሳ)። ክብራን ገብርኤል እኔ ስለማልገባ ልጁ ብቻውን የምፈልገውን ጽፌለት ሄደ፣ እና ይዞ የመጣው እሱን ያማረውን ነው፣ ሙሉ ሙሉ ሥዕሎች። እኔ የፈለኩት ጥግ ጥጉን ነበር፣ አንዱ ታሪክ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን መስመር። አልተቀየምኩትም፣ ወረቀቱ ላይ "ጥግ" ብዬ ጻፍኩ እንጂ ለምን እንደምፈልገው አልነገርኩትም።

ከዛ ፎቶዎቹን ይዘን የሰራነው ስራ ዛሬ ሳየው የሚያሳዝነኝ ነው። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን ከፎቶ ላይ ለቀምኩ። ትልልቅ ዓይን፣ ረጃጅም ጣት፣ ጥቁር የመስመር ወሰን። በቃ "ስታይሉ" ይሄ ነው ብዬ ለልጁ ሰጠሁት፣ እሱም ማንኛውም የአኒሜሽን ትምህርት እንደሚያስተምረው ቀዛፊውን በጎን ሳለው። ይሄ ሞኝነት አይደለም፣ ምክንያት አለው፣ ሰው በጎን ሲታይ እጁና እግሩ ተለያይተው ስለሚነበቡ እንቅስቃሴው ከሩቅ ይገባል፣ ስለዚ የእርምጃም የመቅዘፍም ልምምድ ሁሉ በጎን ነው የሚጀመረው።

እና በኛ ሥዕል ደግሞ በጎን የሚሳል ሰው ማነው? በሁለት ዓይኑ የሚያየን ጻድቁ፣ ሰማዕቱ፣ መልአኩ፣ በጎው ሰው ነው። አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ይሁዳ ነው፣ ሰማዕታትን የሚያሰቃየው ወታደር ነው፣ ሰይጣን ነው። ይሄን እኔ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፣ ትምህርት ቤት እያለሁ ሰምቼዋለሁ። ግን እንደ መረጃ ነው የማውቀው፣ ሥዕል አይቼ የምናገረው ነገር፣ ስሰራ እጄን የሚይዘኝ ነገር አልነበረም። መሪጌታ ግን በጎን የዞረ ፊት ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣባቸው "ምን አጠፋ" የሚለው ነው።

ልጁ ደነገጠ፣ እኔ ደግሞ መከራከር ጀመርኩ። መሪጌታ ይሄ እኮ ቤተክርስቲያን ውስጥ አይደለም፣ ጀልባ መጠበቂያ ነው፣ የሚያየው ፈረንጅም አለ ምናምን አልኩ። "ፈረንጁ ባያውቀው የኛ ሰው ያውቀዋል፣ ቀዛፊው ራሱ መጥቶ ሲያየው ምን ትይዋለሽ ልጄ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለት ቀን ሙሉ ያወራነው ስለዚህ ነው። ልጁ የያዘው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፣ ሰው ፊቱን ወደኛ አድርጎ እንዴት ወደ ግራ ይሄዳል? እየሄደ እንዳለ እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ወደኛ አዞረውና ታንኳው ወደ ጎን ሲሄድ ሰውየው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ መሰለ። ከዛ ጭንቅላቱን ብቻ አዞረው፣ አንገቱ የተሰበረ መሰለ። ሦስተኛው ላይ መሪጌታ ወረቀት ጠየቁና ቅዱስ ጊዮርጊስን በእርሳስ ጫር ጫር አደረጉልን። ፈረሱ በጎን ነው፣ እየጋለበ ነው። የጊዮርጊስ እግር በጎን ነው። ወገቡ ላይ መዞር ይጀምራል፣ ደረቱ ወደኛ ተከፍቷል፣ ፊቱ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ጦሩ ደግሞ አቅጣጫውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። "መሄዱን ፈረሱ ይናገር፣ ሰውየው ማንነቱን ይናገር" አሉ።

እኔ ይሄን ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ በየቤቱ ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ፣ እንቅስቃሴ የመሳል መፍትሄ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ታንኳው ፈረሳችን ሆነ። ልጁ ወዲያው ላፕቶፑን ወሰደና የሰውየውን አጥንት (ብሌንደር ውስጥ ገጸ ባህሪ የሚንቀሳቀስበት አጥንት አለ) ከወገብ በታች ለታንኳው አቅጣጫ አሰረው፣ ከወገብ በላይ በየደረጃው ወደኛ አዞረው፣ የጭንቅላቱ አጥንት ላይ ደግሞ ገደብ አስቀመጠበት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይዞር። 40 ላይ ሁለተኛው ዓይን ገና ይታያል፣ ከዛ ካለፈ መጥፋት ይጀምራል። እኛ ስንረሳው እንኳን ፋይሉ አይረሳውም። ገደቡን "ዓይን" ብሎ ሰየመው።

በዛው ሰሞን እኔ አንድ ሃሳብ አመጣሁ፣ ሕጉን ካወቅን እንጠቀምበት፣ ፍላሽ የሚያበራውን እንግዳ በጎን እንሳለውና በአንድ ዓይን ይታይ፣ ጥፋት መሆኑ ይገባል አልኩ። ዲዛይን ትምህርት ቤት ብሆን ይጨበጨብልኝ ነበር። መሪጌታ እምቢ አሉ። "እንግዳ ነው፣ ባለማወቅ ነው። ያንን ለከሃዲ ነው የምንሰጠው።" ስለዚ ፍላሽ የሚያበራው ሰውም ሁለት ዓይን አለው፣ አንድ ዲያቆን እጁን ዘርግቶ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ዝቅ ያደርግለታል። አሁን ሳየው ያ ሁለት ሰከንድ ከሙሉ ፊልሙ የምወደው ነው።

ከዚህ በኋላ መሪጌታ "አማካሪ" መሆናቸው ቀረ፣ መሳል ጀመሩ። መጀመሪያ ታብሌት ሰጠናቸው፣ ስክሪን የሌለውን ዓይነት፣ እጅ ታች ይስላል ዓይን ላፕቶፑን ያያል። ግማሽ ሰዓት ሞከሩና "እጄ የሚሰራውን እኔ አላየውም" ብለው መለሱልን። አልተጨቃጨቅንም። ኤ3 ወረቀት፣ ብሩሽ፣ ጥቁር ቀለም፣ ከዛ በ600 ዲፒአይ ስካን። በፊት ከፎቶ ላይ መስመሮችን ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ቬክተር (በሒሳብ ወደሚስለው መስመር) እንዲቀይር አድርጌ ነበር፣ እና እዚህ ጋ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አፈርኩ። ቬክተሩ መስመሩን ያለሰልሰዋል፣ የብሩሹን መጫንና መቅለል "ስህተት" ብሎ ያስተካክለዋል፣ ውጤቱ ከየትም ሊሆን የሚችል መስመር ነው። የመሪጌታ መስመር ቅንድብ ላይ ወፍሮ ጀምሮ አፍንጫ ላይ ሲደርስ ይቀጥናል፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጣው። ስለዚ ቬክተሩን ጣልኩትና ስካኑን እንዳለ ተጠቀምን፣ ፋይሉ ከበደ፣ ይክበድ።

ቁጥሩ ግን ነበረ። ቪዲዮው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፣ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው በሰከንድ 12 ሥዕል፣ በ60 ሰከንድ 720። አንድ ሰው በብሩሽ 720 አይስልም። ስለዚ መሪጌታ ዋና ዋናዎቹን 46 ሳሉ፣ ልጁ መሃሉን ይሞላል ተባለ። ልጁ ሞላ፣ አሳየናቸው፣ እሳቸው ደግሞ አንድ በአንድ እያስቆሙ "ይሄ ምን እያለ ነው?" ይላሉ። መቅዘፊያው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መሃል ላይ ያለው ሥዕል ምንም አይልም፣ መንገድ ላይ ነው። "ምንም ካላለ ለምን ይሳላል?" ልጁ ለሙያው ተከራከረ፣ ከሌለ ይዘላል አላቸው። "ይዝለል።"

ምንም የማይሉትን አወጣናቸው። እውነት ነው ይዘላል፣ ግን ደስ በሚል ነው የሚዘለው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ያየናል፣ ይቆያል፣ ከዛ በሦስት ሥዕል ሌላ ቦታ ነው፣ እንደገና ይቆያል። ግድግዳው ላይ ካንዱ ታሪክ ወደ ሌላው ዓይናችን እንደሚዘለው። ያኔ ነው ልጁን "ጥግ" ብዬ የላኩት ለምን እንደሆነ ለራሴም የገባኝ። መጨረሻ ላይ የቀረው 310 ሥዕል አካባቢ ነው፣ ጊዜም አተረፈልን ግን ለጊዜ ብለን አልነበረም።

ጽሑፉም በዚሁ ተፈታ። ደንበኞቹ የላኩልን ጽሑፍ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተተየበ ሆኖ እኛ ጋ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ነበር፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እኤአ ጀምሮ ቢሆንም እንዲህ ያለ ፋይል አሁንም ይመጣል። እንደገና ተየብኩትና ታች ላይ እንደ ፊልም ጽሑፍ አስቀመጥኩት። መሪጌታ ደግሞ ግድግዳ ላይ እኮ ጽሑፍ ታች አይደለም፣ ከሰውየው አጠገብ ነው፣ "ዘከመ" (በግዕዝ "እንዴት እንደ" ማለት ነው) ብሎ ይጀምርና ምን እንደሆነ ይናገራል አሉ። በእጃቸው ጻፉልን፣ ከሚናገርለት ሰው ራስ አጠገብ አስገባነው። ታች የቀረው እንግሊዝኛው ብቻ ነው።

ጀርባው ላይ አንድ ቴክኒካል ነገር ልበል፣ የሚጠቅመው ሰው ይኖራል። የጎንደር ሁለተኛው ዘመን የሚባለው አሳሳል ላይ የሥዕሉ ጀርባ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይ ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይቀየራል። እኔ በኮምፒውተር ሰራሁት፣ ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ ትልቁ ቲቪ ላይ ስንሞክረው ግን እንደ ጥለት ተሸነታተረ። ምክንያቱ በያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነው፣ ትንሽ ለውጥ ሰፊ ቦታ ላይ ሲዘረጋ ደረጃው ለዓይን ይታያል። መሪጌታ ያንኑ ጀርባ በብሩሽ ወረቀት ላይ ቀቡልን፣ ስካን አድርገን አስገባን፣ መሸንተሩ ጠፋ። የወረቀቱ ሻካራነትና የብሩሹ ዱካ ደረጃዎቹን ያቀላቅላቸዋል። ይሄን በሶፍትዌርም ማምጣት ይቻላል፣ እንደዚህ ግን አያምርም።

አሁን ታንኳው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ከመሪጌታ የተማርነውን ይዘን ታንኳ የሚሰሩ አንድ ሰው ጋ ሄድን። ከነገደ ወይጦ ናቸው፣ ታንኳ ሲሰሩ ያደጉ፣ አያ እያልን ነው የምንጠራቸው። ውሃው ዳር ቁጭ ብለን ላፕቶፑን ከፀሐይ በጃኬት ከልለን አሳየናቸው። ሳቁና "ይሄ ታንኳ ገና ውሃ አልጠጣም" አሉ። ታንኳ የሚሰራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ጠዋት ደርቆ የገባ ታንኳ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ሲሰራ ሲውል እየከበደ እየሰመጠ ይመጣል፣ ለዛ ነው ከስራ በኋላ አውጥተው የሚያደርቁት። የኛ ታንኳ እንደ ፕላስቲክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዛው ከፍታ ላይ ነበር። ከኋላውም ሹል አድርገነው ነበር፣ ፊቱ ነው ሹል ሆኖ ወደ ላይ የሚነሳው፣ ኋላው የተቆረጠ ነው አሉ።

ቅርፁን በአንድ ቀን አስተካከልን። የውሃ መጠጣቱ ነገር ግን ሳናስበው ትልቁን ችግራችንን ፈታው። እየዞረ የሚደጋገም ቪዲዮ ላይ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ካልተጋጠመ በየደቂቃው ይዘላል፣ እኛ ደግሞ በጥቁር ስክሪን ነበር የሸፈንነው። አሁን ታንኳው በ60 ሰከንዱ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ መጨረሻ ላይ ዳር ይወጣል፣ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ይደርቃል፣ ያው ታንኳ ቀሎ ተመልሶ ውሃ ይገባል፣ ቪዲዮው ከመጀመሪያ ይጀምራል። ሲጋጠም አይታወቅም። የሰጡን እሳቸው ናቸው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ሌላው ችግር የተለመደው ነው፣ በአጭሩ፦ ፎቶን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ እንደ ፋይል ላኩት (ለዚህ አራት ስካን እንደገና ሰርተናል)። መብራት ሬንደር (ኮምፒውተሩ ስራውን ወደ መጨረሻ ምስል ሲያወጣ) መሃል ላይ ከሄደ በአንድ ቪዲዮ ሬንደር ያደረገ ሰው ከመጀመሪያ ይጀምራል፣ በየፍሬሙ ምስል አድርጎ ያወጣ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል።

ጥር 8 አስረከብን። ገንዘቡን መጀመሪያ ለኔና ለልጁ እኩል፣ ለመሪጌታ የአማካሪ ትንሽ ብለን ነበር የተስማማነው፣ እሱን ቀደን ለሦስት እኩል አደረግነው፣ ከሦስታችንም ላይ ቀንሰን ለአያ ሰጠን። ይሄ ከፍተኛ ደግነት አይደለም፣ ስራው ላይ ያለው የማን እንደሆነ አይቶ መቁጠር ነው። ስማችን መጨረሻ ላይ ሦስት ሰከንድ ነበረ፣ ደንበኞቹ "ይረዝማል፣ ይውጣ" አሉ። እዚህ ላይ እኔ ጠንከር አልኩ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ የሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት አለው፣ አብረው የሰሩ ሰዎች ደግሞ የጋራ አመንጪ ናቸው። አዋጁን አትሜ ይዤ ሄድኩ፣ ተነጋገርን፣ ታንኳው የሚደርቅበት ቦታ ላይ አራት ስም በመሪጌታ እጅ ጽሑፍ ገባ።

ያላለቀው ነገር ይሄ ነው። መጋቢት ላይ ልጁ ቀዛፊያችን ቲሸርት ላይ ታትሞ ሲሸጥ አየ፣ ሳንጠየቅ። ውላችን ስለ ቪዲዮው ብቻ ስለሆነ የሚያወራው፣ ስለ ሌላ ህትመት አንድ መስመር የለውም፣ የኔ ስህተት ነው፣ አሁን በማንኛውም ውል ላይ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው። አንድ ቲሸርት ገዝተን መሪጌታ ቤት ሄድን፣ ይናደዳሉ ብለን ተሳቀናል። ገለጥ አድርገው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ምስሉ ትልቅ ተደርጎ ወደ ጎን ስለተገፋ የቀዛፊው ግራ ዓይን ብብቱ ስር ስፌቱ ውስጥ ገብቷል።

"ስለ ገንዘቡ እናንተ ተነጋገሩ" አሉ ቲሸርቱን እያጠፉ። "እኔ ግን ነገ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ ዓይኑን ይመልሱለት።"

ሄድን። ሁለተኛው ህትመት ምስሉ አንሶ ወደ መሃል መጥቷል፣ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ። ስለ ክፍያው ገና እየተነጋገርን ነው።